ዶሮቲ ዴይና የአንድ ሳንቲም ጋዜጣዋ

የጸሐፊን ሥራ ስንመዝን ቃሉ ከኑሮው ጋር መስማማቱን መመርመር ይገባናል። ዶሮቲ ዴይ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። በወጣትነቷ ለሶሻሊስት ጋዜጦች ስትጽፍ ቆይታ በ1927 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለች።

በ1933 ዓ.ም. ሥራ አጥቶ የሚንከራተተው ሰው በበዛበት ጊዜ፣ ከፈረንሳዊው ከፒተር ሞሪን ጋር «የካቶሊክ ሠራተኛ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋመች። ድሀው ገዝቶ እንዲያነበው ዋጋው አንድ ሳንቲም ሆነ። የመጀመሪያው እትም 2,500 ቅጂ ነበር። እርስዋም ስለ ችግረኛ በመጻፍ ብቻ ሳትወሰን፣ የተራበ የሚበላበት፣ ማደሪያ ያጣ የሚጠለልበት ቤት ከፍታ አብራ ኖረች።

ጋዜጣው ከ100,000 ቅጂ በላይ እስከ መታተም ደረሰ። ነገር ግን በእስጳኝ የእርስ በርስ ጦርነትና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማናቸውንም ጦርነት እቃወማለሁ በማለት ስለ ጸናች ብዙ አንባቢዎች ራቋት። ወራሪን በጦር መመከት ግድ መሆኑን በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ያየን እኛ በዚህ አሳቧ ላንስማማ እንችላለን። ይሁን እንጂ አንባቢን ላለማጣት ስትል ያላመነችበትን አለመጻፏን ሳናደንቅ አናልፍም።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ከድሆች ጋር በምትኖርበት ቤት ዐረፈች። የጋዜጣዋም ዋጋ እስከዚያች ቀን ድረስ ያው አንድ ሳንቲም ነበር።