ስሙን ከጠጅ የተዋሰ መጠጥ

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። ሰበታ እንደ ልማዷ ከወጨጫ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ተከናንባ፣ በጅማ መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። እኔም ከመጠጥ መሸጫ ሱቅ የገዛኋትን አንዲት ጠርሙስ የአገር ውስጥ ቀይ ወይን ጠጅ ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ልከፍታት ስሰናዳ ነበር። ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ ስሟን አልጠራም። ከመደርደሪያው ላይ ዋጋዋ ዝቅተኛው እንደነበረና ከአንድ በላይ በሆነ የወይን ዘር ቅልቅል የተጠመቀች መሆኗን ብቻ አንባቢ ይወቅልኝ።

በዚህ መሐል የጓሮ ጎረቤቴ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ ገቡ። እኚህ እናት ጠጅ እየጣሉ በመሸጥ ልጆች አሳድገው፣ ለቁም ነገር አብቅተው የዳሩ ናቸው። ጠርሙሷን ትክ ብለው አዩና፣

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«ወይን ጠጅ ነው፣ እማማ።»

«ማር አለበት?»

«የለበትም።»

«ጌሾስ?»

«ጌሾም የለበትም።»

«ታዲያ ልጄ፣ ማርም ጌሾም ከሌለው በምን ሒሳብ ጠጅ ተባለ?»

መልስ አልነበረኝም። ያ ጥያቄ ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ አልለቀቀኝምና፣ እነሆ ይህን ጽሑፍ አስጀመረኝ።

መቼም ቃል የታሪክ ምስክር ነው። «ወይን» የሚለው ቃላችን ከዕብራይስጡ «ያይን»፣ ከግሪኩ «ኦይኖስ» እና ከላቲኑ «ቪኑም» ጋር የሚዛመድ፣ ዕድሜ ጠገብ ቃል ነው። ግዕዝ ፍሬውንም ተክሉንም መጠጡንም በዚሁ አንድ ቃል ሲጠራ፣ አማርኛ ግን መጠጡን ለይቶ ለመጥራት ሲፈልግ ሌላ መንገድ መረጠ። ለአማርኛ ተናጋሪ የክብር መጠጥ ማለት ጠጅ ነው። የተከበረ መጠጥ ሁሉ የሚለካው በጠጅ ሚዛን ነበርና ከወይን ፍሬ የተጠመቀውን «የወይን ጠጅ» አለው። ጥምሩ ሲሰነብት ጠጥቶት የማያውቀውም ሰው አፍ ውስጥ ገባ። ዛሬ የቀሚስ ወይም የመጋረጃ ቀለም ሲመርጥ «ወይን ጠጅ» የሚል ሁሉ መጠጡን ቀምሶት ያውቃል ማለት አይደለም።

ከዚህም የሚገርም አለ። የአገራችንን አየር ጠባይ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለን ስንከፍል፣ መካከለኛውን የሰየምነው በወይን ነው። ቃሉ ሲፈታ የወይን ደጋ ማለት ነውና። በትምህርት ቤት እንደተማርነው ወይና ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለው ምድር ነው። ሰበታ በ2,300 ሜትር አካባቢ ስለተቀመጠች በወይና ደጋና በደጋ ድንበር ላይ ቆማለች ማለት ይቻላል። እንግዲህ ወይንን የፈረንጅ ነገር ብለን የምናልፈው እኛ፣ የምንኖርበትን ምድር ግማሹን በስሙ ጠርተነዋል!

ወደ ጥንቱ እንለፍ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ (ምሁራን «ፔሪፕለስ» የሚሉት) ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ የነበሩትን ሸቀጦች ሲዘረዝር፣ ከሶርያዋ ሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ወይንንም ይጠቅሳል። ነገር ግን «ብዙ ያልሆነ» ሲል መጠኑን ይወስነዋል። ነጋዴ ነገሩን ሲያውቅ እንዲህ ነው። የአክሱም መኳንንት የባሕር ማዶውን ወይን ይወዱታል፤ ሕዝቡ ግን የራሱ መጠጥ አለው፤ ስለዚህ መርከብህን በወይን አታጨናንቅ እንደማለት ነው።

ክርስትና ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ወይን የግብር ቤት መጠጥ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ያለ እሱ ቅዳሴ የማይቀደስ ነገር ሆነ። የወይን ተክል እንደልብ በማይገኝበት ተራራማ አገር በየደብሩ ወይን ከየት ይምጣ? ቤተ ክርስቲያን ያገኘችው መፍትሔ ዘቢብ ነው። ዘቢብ ደርቆ ይቀመጣል፣ በአህያም በትከሻም ሩቅ ይሄዳል። በውኃ ተነክሮ ሲጨመቅ ለቁርባን ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ የዘቢብ ጭማቂ አይቶ ጽፎልናል። ልማዱ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ አዳራሽ ግን ንጉሡ መጠጥ ጠጅ ነበር። አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከማቀበሉ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል። ይህ የሚደረገው መርዝ እንደሌለበት ለማስመስከር ነው። እንግዲህ በአገራችን የመጠጥ ቅምሻ የተጀመረው ለጣዕም ሳይሆን ለነፍስ ዋስትና ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

የፋብሪካው ወይን ታሪክ አጭር ነው። ዛሬ አዋሽ የሚባለው የወይን ጠጅ ፋብሪካ ከጣልያን ወረራ ማግሥት፣ በ1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረ ነው። ቀዩን ጉደር፣ ጣፋጩን አክሱሚትና ነጩን ክሪስታል የማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ፋብሪካው በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆኖ ሲቆይ፣ በብዙ ቤት አንዲት ጠርሙስ ጉደር ከቡፌው ውስጥ ተቆልፎባት እንግዳ ወይም ሠርግ ትጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ፋብሪካው ለግል ባለሀብቶች ተዛወረ። ከገዢዎቹ አንዱ ኤይት ማይልስ የተባለው፣ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ በሊቀ መንበርነት ይመራው የነበረ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው። በ77ቱ ድርቅ ለተራበው ወገናችን የዓለምን ዘፋኞች አስተባብሮ ገንዘብ ያሰባሰበው ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በወይን ጠጅ ንግድ ተመለሰ። ታሪክ እንዲህ ያለ ቀልድ ታውቃለች።

በዚያው ሰሞን የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ (ባቱ) የፈረንሳይ የወይን ችግኝ ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉትን ለገበያ አቀረበ። ካስቴል ጊዮርጊስ ቢራን እ.ኤ.አ. በ1998 የገዛው ነው። የኛው የሰበታው ሜታ አቦም ተራው ደርሶት እ.ኤ.አ. በ2012 ለእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠ በኋላ፣ በ2022 እዚያው ካስቴል እጅ ገባ። የሰበታ ሰው ቢራውም ወይኑም ከአንድ ቤት ሲቀዳለት ማየት ሆነለት።

አሁን ስለ ቅልቅሉ እንነጋገር። ብዙ ሰው «ቅልቅል» ሲባል የተበረዘ፣ የተጭበረበረ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። በቦርዶ አገር መርሎ የሚባለው ወይን ቀድሞ ይበስላል፣ ለስላሳም ነው። ካበርኔ ሶቪኞ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ኮስታራና አፍ የሚይዝ ነው። ዝናብ አንዱን ቢያበላሸው ሌላው ይተርፋል፤ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። የትግራይ ገበሬ ገብስና ስንዴ ደባልቆ «ሐንፈጽ» ሲዘራ የሚያስበው ይኸንኑ አይደለምን? ርካሽ ወይን ጠማቂም ዓምና የወደድኸው ጣዕም ዘንድሮም እንዳይለወጥብህ የሚያደርገው በመቀላቀል ነው።

ወደ ተነሳንበት እንመለስ። እማማን እንዲቀመጡ ለመንኋቸውና ጠርሙሷን ከፈትኩ። ረዥም እግር ያለው ብርጭቆ ቤቴ ስለሌለ በሻይ ብርጭቆ ልቀዳ ስል ከለከሉኝና፣ ከቤታቸው ሁለት ብርሌ አስመጡ። «አንገቱ ጠበብ ያለው ሽታውን እንዲይዝ ነው፤ ዝንብም አይገባበትም» አሉኝ። ፈረንጆቹ የወይን ብርጭቆን አፉን ጠበብ የሚያደርጉበት ምክንያት ይኸው መሆኑን መጽሐፍ ገልጬ የተማርኩት እኔ፣ አፈርኩ።

ቀለሙን በነጭ ወረቀት ፊት አየነው። ዳር ዳሩ ሐምራዊ ነው፤ ይህ የወጣት ወይን ምልክት ነው፤ ያረጀ ቢሆን ወደ ጡብ መልክ ባደላ ነበር። አሸተትን። ከዚያ እማማ ጥቂት ጎንጨት ብለው በአፋቸው ውስጥ አቆዩትና፣ እኔ የምለውን ሳይጠብቁ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ደረቅ ነው። መጀመሪያ ይጎመዝዛል፣ ኋላ ድድ ይይዛል፤ ልክ ጌሾው ሳይወጣለት እንደቆየ ጠጅ። ግን አልኮመጠጠም፣ ንጹሕ ነው። ቶሎ ከአፍ ይጠፋል፤ ይኼ ነው ጉድለቱ።»

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የተሻለ ምን ይባላል? ድድ የሚይዘው ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣው ታኒን ነው። የሚጎመዝዘው አሲዱ ነው። «ቶሎ ይጠፋል» ያሉትን የሙያው ሰዎች የጣዕሙ ርዝመት ይሉታል፤ ርካሽን ወይን ከውዱ ከሚለዩት ነገሮችም አንዱ ነው። የጠጅ ቤት ደንበኛስ ቢሆን ከጥንት ጀምሮ «ደረቅ»፣ «መካከለኛ»፣ «ለስላሳ» እያለ አያዝምን? በኦሮምኛ «ዳዲ» ብሎ የሚያዘውም ልዩነቱን በምላሱ ያውቀዋል። ቃላቱ ሞልተዋል። እኛ ግን ጠርሙስ ላይ የፈረንጅ ፊደል ስናይ ምላሳችንን ረስተን ወይ ዝም እንላለን፣ ወይ ወይኑን በኮካና በአምቦ ውኃ በጥብጠን ጣዕሙን ሳናውቀው እንጠጣለን።

እማማ ጠጅ መጣል ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። «ማር ተወደደ» ይላሉ። «በስኳር ጣይ አሉኝ፤ እሱንስ አላደርገውም ብዬ ጋኑን ደፋሁት።» ከልጆቻቸው አንዳቸውም ሙያውን አልያዙም። እኔን የከነከነኝ ይህ ነው። የወይን ፋብሪካ ሊሸጥና ሊገዛ ይችላል፤ ችግኝም ከቦርዶ ይመጣል። ደረቁን ከለስላሳው፣ ንጹሑን ከተበላሸው በአንድ ጉንጭ የሚለይ ምላስ ግን በጨረታ አይገኝም። እንደነዚህ ያሉ እናቶች ሲያልፉ አብሮ የሚያልፍ ነው።

በመጨረሻ ያን ጥያቄያቸውን አነሳሁባቸው። «ታዲያ እማማ፣ ጠጅ ይባል ወይስ አይባል?»

ብርሌያቸውን ጨልጠው ጥቂት አሰቡ።

«ይባል» አሉ። «ብቻ የጌታውን ስም የያዘ ሎሌ ነውና፣ ጌታው ሳይሞት ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ቸር ይግጠመን!