ጭቃ፣ ጅብና እቃቃ፦ ከዋልካ ሜዳ እስከ ሰሚት ኮንዶሚኒየም

እቃቃ ትናንሽ ልጆች ቤት መሥርተው፣ ጭቃ አቡክተውና «ወጥ ሠርተው» የሚጫወቱት የቆየ ጨዋታ ነው። ዕቃው ሁሉ ከደጅ ይለቀማል፦ አፈርና ውሃ ሊጥ ይሆናል፣ ቅጠል ጎመን፣ የቆርቆሮ ክዳን ምጣድ፣ የተሰበረ ገንቦ ገል ሰሃን። በገጠር ያሉ እረኞችም ከወንዝ ዳር ጭቃ አንስተው በሬና ላም ይሠራሉ፤ ቀንዱን በሁለት ጣት ቆንጥረው ያወጡታል፣ ሻኛውን ከፍ ያደርጉታል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል።

ሲመሽ ተራው የተረት ነው። በምድጃ ዙሪያ ሰው በላው ጭራቅ ይነሣል፣ ሆዳሙ አያ ጅቦ ይነሣል። አልተኛም ያለ ልጅም «ጅብ መጣ!» ይባላል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም፤ የጅብ ጩኸት ዛሬም ማታ ማታ ይሰማል። ተረቱ ግን ልጁን አስፈርቶ አይተወውም። አያ ጅቦ ጉልበት እንጂ ብልሃት ስለሌለው ብዙ ጊዜ ከእሱ ባነሱ እንስሳት ይታለላል። በማግስቱ ደግሞ ያው ጅብ ከጭቃ ሊሠራ፣ ስም ሊወጣለት፣ መጨረሻም ተጨፍልቆ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ለትንሽ ልጅ ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ሌሊት ያስፈራው ነገር ቀን በመዳፉ ሥር ይገባል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ተረቱ ከምድጃ ዳር ወደ ሳሎን ገባ፤ አባባ ተስፋዬ በሚለው ስማቸው የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ ለአሥርት ዓመታት ልጆችን ሰብስበው ሲተርቱ ኖረዋል።

ጭቃና ጅብ በትልልቆቹም ዓለም ተገናኝተው ነበር፤ የዚያኛው ታሪክ ግን መራር ነው። ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባሉ ተገልለው ኖረዋል፤ በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪዎችም ከዚህ ስድብ አላመለጡም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለእጅን መስደብ ቢከለክሉም አጉል እምነቱ በአዋጅ አልጠፋም። ቡናውን በእነሱ ጀበና የሚያፈላ፣ እንጀራውን በእነሱ ምጣድ የሚጋግር ቤት ሠሪዎቹን ይሸሽ ነበር። ልጁ በጭቃ ሲጨማለቅ የሚስቅ ሰፈር በዚያው ጭቃ የሚተዳደረውን ሰው ማግለሉ ግፍ ነው።

ወደ ልጆቹ ጭቃ እንመለስ፦ ሰሚት ያለበት የምሥራቅ አዲስ አበባ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጫማ ያስቀራል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። መሠረት ለሚያወጣ ግንበኛ ፈተና ነው፤ ለልጅ ግን ከዚህ የተሻለ ሊጥ አይገኝም። ሜዳው የእርሻ መሬት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲሰፋ ኮንዶሚኒየም ቆመበት፣ ሪል እስቴት ተከተለ። በቦሌ ሥር የቆየው አካባቢ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ወደዚያ ተካለለ። መንገዱ ኮብልስቶን ለበሰ፣ ብሎኮቹ መሃል ያለው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድግ የ3 ዓመት ልጅ ጭቃ ለመንካት ደረጃ የሚያወርደው ሰው ያስፈልገዋል።

በዚህ የተነሣ የእቃቃ ቦታ ወጥ ቤትና በረንዳ ሆኗል። ልጅ በእጁ እየዳሰሰ እንደሚማር ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በከፈቱት የሕፃናት ቤት አሳይተዋል፤ አሜሪካ ውስጥም በኦክቶበር መጨረሻ ልጆች የዱባ ሆድ በእጃቸው እየዛቁ አስፈሪ ፊት ይፈለፍሉበታል። የሐበሻ ጓዳ ለዚህ ጨዋታ አያንስም። ተልባ ተዘፍዝፎ ሲያድር ይዝለገለጋል፤ ሳፋ ውስጥ ሆኖ ነጠላ ሲሸፈንበትና መብራቱ ሲቀነስ፣ እጁን ለሚሰድድ ልጅ «የጅብ ለሃጭ» ነው። በዘይት የታሸ ቅቅል ፓስታ «የጭራቅ ፀጉር» ይሆናል። ሽምብራና ባቄላ ግን ጉሮሮ ላይ ስለሚቀሩ ለሕፃን አይሰጡም። ልጁ ከደነገጠም ነጠላው ተገልጦ፣ መብራቱ በርቶ ተልባው ተልባ መሆኑን ማየት አለበት፤ ፍርሃቱ የሚጣፍጠው መውጫ ሲኖረው ነው።

በእህል መጫወት ነውር ነው የሚሉ አያቶች በየቤቱ አሉ፤ ትክክልም ናቸው። ለዚህም የቆየ መላ አለ። እናቶች እንጀራ ሲጋግሩ ከሊጡ ትንሽ ቀንሰው ለልጅ እንጎቻ ይጋግራሉ። የዳቦ ሊጥም እንዲሁ ነው፤ ልጁ እንደፈለገ ይድጠዋል፣ ይጎትተዋል፣ ጅብ ያደርገዋል፣ በጥቁር አዝሙድ ዓይን ያወጣለታል፤ ከዚያ ጅቡ ተጋግሮ ከሻይ ጋር ይበላል።