መልእክት አድራሽ በሐይቅና በአምባሰል፤ ከውጫሌ ውል እስከ ሽቦ አልባ ኢንተርኔት

በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም በሐይቅና በአምባሰል አንድ ነጋዴ ወይም አንድ ማኅበር አነስተኛ የሽቦ አልባ ኢንተርኔት አገልግሎት አቋቁሞ ለጎረቤቶቹ እንዲሸጥ የሚያስችለው መንገድ ስለ ምን ሳይከፈት ቆየ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተራራው አስቸጋሪነትና የባለሙያ ማነስ ነው ይባላል። እኛ ግን የታሪኩን ተራ ስንከተል፥ ዋናው ምክንያት የመልእክት መንገድ ዘወትር በአንድ እጅ መያዙ ሆኖ እናገኘዋለን።

፩ኛ፤ የውጫሌ ትምህርት

ነገሩን ከአምባሰል ከራሱ መጀመር ይገባል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር የተዋዋሉባት ውጫሌ የምትገኘው በዚሁ በአምባሰል ወረዳ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ፥ በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲናገር፥ በኢጣልያንኛው ግን ይህን ግዴታ አድርጎባቸው ነበር። ጠቡ በዓድዋ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጦር ተፈታ። ልብ ብለን ብንመለከተው አንቀጹ የሚናገረው ስለ መልእክት አድራሽ ነው። መልእክቱን በፈቀደው መንገድ የሚልክ ሰው ጌታ ነው፤ በአንድ በር ብቻ እንዲልክ የተገደደ ግን በሩን የያዘው ሰው ጥገኛ ይሆናል።

፪ኛ፤ ሽቦው ሲዘረጋ

የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የሚቆጠረው፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1894 ጀምሮ፥ 477 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው የሐረርና የአዲስ አበባ መሥመር ነው። ከዚያም ከ1902 እስከ 1904 ባለው ጊዜ ኢጣልያኖች ከአሥመራ አዲስ አበባ የሚደርሰውን የቴሌግራፍ መሥመር በወሎ በኩል ዘረጉ። ሽቦው የወሎን ምድር ቢያቋርጥም፥ የተዘረጋው ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት እንጂ በመካከል ለሚኖረው ገበሬ አልነበረም።

በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ደጋግሞ ለውጧል፤ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ኢንተርኔት በጥር 1989 ዓ.ም. ሲገባም የገባው በዚሁ በአንዱ በር ነው። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ የበሩ ቍጥር ግን ሳይጨምር ቆየ።

፫ኛ፤ ትንሹ ነጋዴና ሕጉ

ለትንሽ ነጋዴ የተፈቀደው ከበሩ የተቀበለውን መልሶ መሸጥ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው መመሪያ ለድጋሚ ሽያጭና ለቴሌሴንተር ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ የኢንተርኔት ቤቶችም ኮምፒዩተር ደርድረው በደቂቃ እያስከፈሉ ሠሩ። የራሱን መሠረተ ልማት ተክሎ ሕዝብ ማገልገል ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761፥ ከአገልግሎት ሰጪው መሠረተ ልማት ውጭ ሌላ ያቋቋመን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። እንዲህ ያለ ቅጣት ተደንግጎ ሳለ፥ የሐይቅ ወጣት አንቴና ሰቅሎ ለሰፈሩ አለማከፋፈሉን በዕውቀት ማነስ ብቻ መተርጐም አይገባም።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1148 ገበያውን ለውድድር ከፈተ። በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወርም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ጀመረ። ሁለተኛ በር መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋው ግን የታላላቅ ኩባንያዎች እንጂ የወረዳ ነጋዴ ዋጋ አይደለም።

፬ኛ፤ ሥራው እንዴት ይሠራል?

አነስተኛ አቅራቢ በሌላ አገር የሚሠራው እንዲህ ነው። ከትልቅ ድርጅት አንድ ሰፊ መሥመር በጅምላ ይገዛል። በከፍታ ላይ አንቴና ይተክላል፤ ደንበኛውም በጣራው ላይ ትንሽ አንቴና ያቆማል። ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ስለማይጠቀም፥ አንዱ መሥመር ለብዙ ቤት ይበቃል፤ ትርፉም ከዚህ ይገኛል። ነገር ግን የጅምላው ኪራይ ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም በየወሩ ይከፈላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት የኪሳራ ወራት ናቸው። መብራት ሲጠፋም ባትሪ ወይም የፀሐይ ኃይል ያስፈልጋል።

አንቴናዎቹ ሳይከለሉ መተያየት አለባቸው። የአምባሰል ገደል ሽቦ ለሚዘረጋ ሰው መከራ ቢሆንም፥ ከጫፉ ሆኖ ቆላውን ለሚያይ አንቴና ግን ማማ ነው። የሐይቁ ውሃም ጋራ የለበትም፤ ሞገዱን እያንጸባረቀ ስለሚረብሽ ብቻ የአንቴናው ከፍታ በጥንቃቄ መመረጥ ይገባዋል። እንግዲህ ተራራው ራሱ እንቅፋት ነው የሚለው ክርክር በግማሹ ይወድቃል።

የገንዘቡንም ነገር ብናስብ፥ በደቡብ አፍሪካ የምሥራቅ ኬፕ ገጠር በማንኮሲ የሚገኘው ዘንዜሌኒ የተባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር በመንደርተኛው እጅ የሚተዳደር አገልግሎት ነው። በወሎ ቅሬ እየተባለ የሚጠራው ማኅበር መዋጮ ሰብስቦ፥ ዳኛ መርጦ፥ ዕቃ በጋራ መጠበቅን ከጥንት ያውቅበታል። የጎደለው የማኅበር ልማድ ሳይሆን ፈቃዱ ነው።

፭ኛ፤ መደምደሚያ

ይሁን እንጂ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ባዳረሰ ጊዜ የስልክ ግንኙነት ተቋርጦ፥ ዘመድ የዘመዱን ደኅንነት ሳያውቅ ሰንብቷል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ትንሹ አቅራቢ መሥመሩን የሚገዛው ከዚያው ከአንዱ ምንጭ ከሆነ፥ ምንጩ ሲደርቅ እርሱም ይደርቃል። ሆኖም አንቴናዎቹ የእርሱ ስለሆኑ፥ የውጭው መንገድ ቢዘጋ እንኳ ትምህርት ቤቱን ከጤና ጣቢያው፥ መንደሩንም ከመንደሩ ማገናኘት ይችላል። ይህም በጭንቅ ቀን ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ለወረዳ የሚመጥን፥ በዋጋውም በግዴታውም አነስተኛ የሆነ ፈቃድ እንዲኖር፤ ሁለተኛ፥ አቅራቢው የጅምላ መሥመሩን ከአንድ በላይ ከሆነ ድርጅት እንዲገዛ ነው። የውጫሌ ውል በአምባሰል ምድር ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ በአንድ በር ብቻ የሚላላክ ሰው፥ በሩ ክፍት በሆነበትም ቀን ነፃ አይደለም።