ምላስ ያልደረሰበት

በኅዳር ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሌሊቱንም ሥራ ላይ ናቸው። የተፈለፈለው እሸት ቡና ገንዳ ውስጥ ሆኖ ይብላላል። ተረኛው መጥቶ ዱላ ይተክልበታል፤ ሲነቅለው ቀዳዳው ካልተደፈነ የፍሬው ልጋግ ለቋል ማለት ነው። ለማረጋገጥ እፍኝ ፍሬ አውጥቶ፣ በውኃ አለቅልቆ በመዳፉ ያሻል። እንደ ጠጠር ከሻከረና ከተንኮሻኮሸ ገንዳው ይከፈታል። ቢዘገይ ቡናው ይኮመጥጣል፣ የወራት ልፋትም አብሮ ይበላሻል።

በዚህ በጌዴኦ ምድር የቡና መለኪያ ለረጅም ዘመን የሰው አካል ነበር። መብላላቱን እጅ ያውቃል፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ፍሬ መድረቅ ጥርስ፣ የሻገተውን አፍንጫ ይለያል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ይህን ልማድ አልሻረውም፤ ደንብ አበጀለት እንጂ። በደንቡ መሠረት ከ100ው ነጥብ 40ው ለጥሬው ቡና፣ 60ው ለስኒው ቅምሻ ነው። እርጥበቱን መሣሪያ ይለካል፤ ከ11.5 በመቶ እንዲበልጥ አይፈቀድም። ቃናውን የሚፈርደው ግን ከማንኪያው ላይ በድምፅ ስቦ፣ አፉ ውስጥ አንከባሎ የሚተፋው ቀማሽ ነው። እንደ ወናጎና ኮቸሬ ካሉ የጌዴኦ ወረዳዎች የመጣ ቡና የታወቀው የይርጋጨፌ ቃና ሲገኝበት «ኤ»፣ ሲታጣበት «ቢ» ተብሎ ይመደባል። በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለው ምላስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሙያ ከማንኛውም መሣሪያ እኩል ክብር ይገባዋል።

ሆኖም ምላስ የማይደርስበት ነገር መጣ።

ያው ምርት ገበያው ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ሊንዴንን የመሰሉ የፀረ ተባይ ቅሪቶች አገኘች። ግዢው ወዲያው አሽቆለቆለ። ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። በእንሰትና በዋንዛ ጥላ ሥር፣ ኬሚካል እምብዛም ሳይነካው ቡና የሚያለማ ገበሬ፣ በማያውቀው ጆንያ የተነሳ ገበያ አጣ። የትኛውም ቀማሽ ቢሆን ሊያስጠነቅቀው አይችልም ነበር፤ በኪሎ ከሚሊግራም ያነሰ ቅሪት ሽታም ጣዕምም የለውም።

እንዲህ ያለውን ቅሪት የሚይዘው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ውድና ከባድ ነው፤ ከገንዳው ዳር አይተከልም። የኬሚስቶች ተስፋ እርሳስ በምታህል ኤሌክትሮድ ላይ ነው። ጫፏ በካርቦን ናኖቱዩብ ወይም በግራፊን ሲለበስ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ሰፊ ገጽታ ይገኛል፤ የኤሌክትሪክ ምልክቱም ይጎላል። ናኖቱዩብ ከፀጉር በሺዎች እጥፍ የሚቀጥን የካርቦን ቱቦ ነው። በላዩ ላይ ኢንዛይም ከተተከለ፣ ኦርጋኖፎስፌት የተባሉት ፀረ ተባዮች ኢንዛይሙን ሲያግዱት ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል፤ የቀነሰው መጠን የመርዙን መጠን ይናገራል። ሊንዴን ከዚህ ወገን ስላልሆነ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል።

ዕውቀቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኬሚስቶቹ ማዕረግ አማረና ሽመልስ አድማሴ ስስ ፖሊመር በለበሰ የካርቦን ኤሌክትሮድ የቡናን ካፌይን የሚለካ ዘዴ «ታላንታ» በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ከካፌይን ወደ ፀረ ተባይ መሻገር ቀላል አይደለም፤ የቡና ውኃ ራሱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ውሁዶች የተሞላ በመሆኑ ምልክቱን ያደበዝዛል። ግን ሙከራው እዚሁ መደረግ አለበት። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከማጠቢያ ጣቢያዎቹ ብዙም አይርቅም።  የመጀመሪያው ኤሌክትሮድ የሚፈተንበት ቦታ ቢመረጥ፣ ከስኒው በፊት ጆንያው ቢሆን ተገቢ ነው፤ ቡናው ተሰፍሮ ሳይገባበት፣ ገበሬውም ቆሞ እያየ።