የአረጋውያን ቫይታሚንና ማዕድን
በእርጅና የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ የቫይታሚንና የማዕድን ፍላጎት ግን እምብዛም አይቀንስም። በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው የደብረ ታቦር ደጋ ዋናው ገበታ እንጀራ በሽሮ፣ ገብስና ድንች ነው። ሊጡ በደንብ ሲቦካ የጤፉን ብረት ሰውነት በቀላሉ ያገኘዋል። ጥርሱ ላለቀ ሰው ከቆሎ ይልቅ በሶና አጥሚት ይስማማዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ቢ12 ነው፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል በመሆኑ አጽዋማቱን ሁሉ ለሚጾሙ እናቶችና አባቶች ይጎድላል፤ የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ደግሞ የተበላውም በቅጡ አይሰርግም። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንደተመሠረተው መቄዶንያ ባሉ መጦሪያዎች ብዙ ሰው ከአንድ ድስት ስለሚመገብ፣ የእያንዳንዱን ጉድለት በደም ምርመራ መለየት ይገባል። ጋቢ ተከናንቦ ቤት የሚውል አረጋዊ ቫይታሚን ዲ እንዲያገኝ ክንዱንና እግሩን ገልጦ ፀሐይ ይሙቅ። አዮዲን ያለው ጨውም ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።