የማቻ ዋጋና የምላስ ምስክርነት

የጃፓን ሰዎች ማቻ የሚሉትን አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ቀምሶ፣ ይህ የተጠየቀበትን ያወጣል፣ ያኛው አያወጣም ብሎ መፍረድ የሻጭና የገዢ ጉዳይ ከመሆኑ አስቀድሞ የመሳፍንት ውድድር ነበረ፤ ሥሩም ከገዳም የበቀለ ነው።

መነኩሴው ኤይሳይ እ.ኤ.አ. በ1191 ከቻይና ሲመለስ የሻይ ዘር ይዞ መጣ፤ ሻይ ለሰውነት ጤና ስለሚሰጠው ረድኤትም በ1211 ድርሳን ደርሶ፣ ኋላ ለሾጉኑ (ለጦር ገዢው) ለሚናሞቶ ኖ ሳኔቶሞ አበረከተለት። ትውፊቱ እንደሚያስረዳው፣ ከዘሩ ከፍሎ ለመነኩሴው ለምዮኤ ቢሰጠው፣ እርሱ ከኪዮቶ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በቶጋኖ፣ በኮዛንጂ ገዳም አጠገብ ተከለው። በትጋሃ ሌሊት እንቅልፍን ለማራቅ ይጠጣ የነበረው የዚህ ስፍራ ቅጠል ክብሩ እየገነነ ሄዶ፣ የቶጋኖው ብቻ እውነተኛ ሻይ ሲባል፣ በሌላ ምድር የበቀለው ሁሉ ከሻይ እንዳልሆነ ተቆጠረ።

በ14ኛው መቶ ዓመት መሳፍንቱ ተሰብስበው ሦስት ዓይነት ሻይ አስቀድመው ከቀመሱ በኋላ፣ ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት ጽዋ፣ ከእነዚህም ጋር ማንም ያልቀመሰው አንድ የእንግዳ ጽዋ በድብልቅ ይቀርብላቸውና፣ ዐሥሩን በጣዕም ብቻ ለይቶ ያወቀው ሽልማቱን ይወስድ ነበር። ውርርዱ ከልክ ስላለፈ፣ በ1336 የአሺካጋ ታካውጂ መንግሥት ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለው የሻይ ጉባኤ ተነቀፈ። ቁማሩ መነቀፉ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ስሙ ያልተነገረ ጽዋ አቅርቦ ምላስን ዳኛ ማድረግ ከዚያ ወዲህ ካየናቸው የመመዘኛ መንገዶች ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ቶጋኖም ራሷ በታካውጂ ወገን በአሺካጋ ሾጉኖች ሞገስ ላገኘችው፣ ኡጂ ለምትባል ሌላ የሻይ ስፍራ ቀዳሚነቷን ለቀቀች፤ ሾጉኖች በኤዶ ከተማ ሆነው በገዙበት በኤዶ ዘመንም የኡጂ ሻይ ማሰሮዎች ወደዚያች ከተማ ሲጓዙ በመንገድ ያለው ሕዝብ ይሰግድላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ክብር ዋጋን ይጨምራል፤ ጣዕምን ግን ቅንጣት አይጨምርም።

ጣዕምን የሚጨምረው ድካም ነው። ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ካህን ዦዋው ሮድሪገስ በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ገለጸው፣ የኡጂ ገበሬዎች ተክሉን በሸምበቆና በገለባ ይጋርዱት ነበር፤ ዛሬም ከመለቀሙ በፊት ሃያ ቀን ያህል ይጋረዳል። ፀሐይ ያላገኘው ቅጠል ጣዕም የሚሰጠውን ቴአኒን ወደሚመረው ካቴኪን ሳይለውጥ ያቆየዋል፤ አረንጓዴነቱም ይደምቃል። ቅጠሉ በእንፋሎት ተመትቶ ከደረቀ በኋላ ዘንጉና ጅማቱ ተለይቶ ይወጣል፤ የቀረው በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ በሰዓት የሚወጣው ዱቄት 40 ግራም ያህል ነው።

ስለዚህ ውድ ማቻ ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ የቦታውን ስም ለጊዜው ትቶ፣ አራት ግራም ያህሉን በጥቂት ሙቅ ውሃ አወፍሮ ይቅመስ፤ ወፍራሙ ሻይ ጉድለትን አይሸፍንምና። ቀለሙ ወደ ቢጫ ያዘነበለ፣ ምሬቱም ከተዋጠ በኋላ በጉሮሮ የሚቀር ከሆነ፣ ኡጂ የሚል ጽሕፈት ቢኖርበትም ይተወው። ምሬቱ ለስልሶ በጣፋጭነት የሚተካ ከሆነ ግን ዋጋውን ሳይሳሳ ይክፈል፤ ከወተትና ከስኳር ጋር ሊቀላቅለው ካሰበ ብቻ፣ ያ ሁሉ ልፋት በስኳሩ ስለሚሸፈን፣ ርካሹ ይበቃዋል።