የመስኮቱ ቁልፎችና የውሳኔ ሥልጣን

በሜልቦርን፣ በፉትስክሬይ ሰፈር ተሰብስበን ይህን መጽሔት በምናዘጋጅበት ሰሞን፣ የምንጽፍበት ኮምፒዩተር ሶፍትዌሩ ታድሶ አደረ። ጠዋት መስኮቱን የምንዘጋበት፣ ዝቅ የምናደርግበትና የምናሰፋበት ቁልፎች ከለመድንበት ቦታ ታጡ፤ ሥራችንም ተጓተተ። ለውጥን የምንሻ ሰዎች በለውጥ መማረራችን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ቅሬታችን በለውጡ ሳይሆን ሳንጠየቅ በመደረጉ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 የወጣው ኡቡንቱ 10.04 እነዚህኑ ቁልፎች ከመስኮቱ ቀኝ ጥግ ወደ ግራ አዛወረ። ሶፍትዌሩ ገና በሙከራ ላይ ሳለ ተጠቃሚዎች ተቃውሞአቸውን አሰሙ። መሥራቹ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አስተያየት እንደሚቀበሉ፣ ሥራው ግን ዴሞክራሲ እንዳልሆነና በንድፍ ጉዳይ ድምፅ እንደማይሰጥ ገልጸው መለሱ። ኡቡንቱ የሚለው ቃል ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው የሚል ትርጉም እንዳለው ስናስታውስ ቅራኔው ግልጽ ይሆናል።

ይሁንና ያልተስማማ ሁሉ ቅንብሩን ለውጦ ቁልፎቹን ወደ ቀኝ ለመመለስ፣ የምንጭ ኮዱም ክፍት ስለሆነ የራሱን ቅጂ ለማዘጋጀት ይችል ነበር። በ2012 ስታርት የተባለውን ቁልፍ ያነሣው ዊንዶውስ 8 ግን ምንጩ ዝግ ነበር፤ ብዙዎች ኩባንያው ቁልፉን በ2013 እስኪመልስ ጠበቁ። የኡቡንቱም ቁልፎች በኦክቶበር 2017 ወደ ቀኝ ተመለሱ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፣ ድምፅ ቢነፈገንም እንኳ የማረም መብት በእጃችን መቅረቱ ታላቅ ልዩነት እንዳለው ነው። ማኅበራችንም የጽሕፈት መሣሪያውን ሲመርጥ ይህ መብት በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ ይጠይቅ።